ወፍ ለማየት ወጥታችሁ ቁራ ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፦ ከአዲስ አበባ ለሚነሱ የቅዳሜ ጠዋት መመሪያ፣ ከክረምት እስከ ክረምት

"ገፈርሳ ሄደን ሦስት ሰዓት ዞርን። ያየነው ቁራና ርግብ ነው።"

ይህን ከስንት ሰው እንደሰማሁ አልቆጠርኩም። እንዴት ሄዳችሁ ብዬ ስጠይቅ ታሪኩ ሁሌም አንድ ነው። ከቤት የወጡት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። የሄዱት ስምንት ሆነው ነው። የርቀት መነጽሩን ከካርቶኑ ያወጡት እዚያ ከደረሱ በኋላ ነው። ከዚያ ሲዞሩ ዋሉ። ወፎቹ እዚያው ነበሩ፤ እነሱ ናቸው ያላዩዋቸው።

ስለዚህ ከዓርብ ማታ ጀምሬ ደረጃ በደረጃ እጽፈዋለሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። በተለይ ደረጃ 2ን የዘለለ ሰው ሌላውን ማንበቡ ትርፉ ድካም ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ቦታ ያዙ፣ ዓመቱን ሙሉ ተመላለሱበት

ዘንድሮ የጀመረ ሰው ይህን ሳምንት ቢሾፍቱ፣ የሚቀጥለውን መናገሻ፣ ከዚያ ሐዋሳ ይላል። ለሽርሽር አሪፍ ነው። ወፍ ግን እንዲህ አይለመድም። አንድ ቦታን በወር አንድ ጊዜ ብታዩት፣ በአራተኛው ወር "ይቺ ባለፈው አልነበረችም" ማለት ትጀምራላችሁ። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያች አረፍተ ነገር ነው።

ከቤታችሁ ቢበዛ በአንድ ሰዓት የሚደረስ ቦታ ምረጡ።

1. መኪና ከሌላችሁ፦ ጉለሌ የዕጽዋት ማዕከል። እንጦጦ ጥግ ላይ ስለሆነ በታክሲ ትደርሳላችሁ። በር የሚከፈትበትን ሰዓት ግን ከአንድ ቀን በፊት ጠይቁ። ቀድማችሁ ደርሳችሁ በር ላይ መቆም ምርጡን ሰዓት ይበላባችኋል።

2. ሜዳና ውሃ ለምትወዱ፦ ገፈርሳ። በአምቦ መንገድ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ነው። ሰማያዊ ክንፍ ያለው የአገራችን ዝይ በቀላሉ ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ውሃው ግን የከተማው መጠጥ ነው፤ ጥበቃ አለው። ሳያስፈቅዱ መግባትም ፎቶ ማንሳትም አይሞከርም።

3. ሐይቅ ለምትወዱ፦ ቢሾፍቱ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱና ጨለለቃ በአንድ ጠዋት ይዳረሳሉ ትሉ ይሆናል። አይዳረሱም። ሁለቱን ብቻ ያዙ።

4. ጫካ ለምትወዱ፦ መናገሻ ሱባ። ጥዱ፣ ወይራውና ዝግባው ውስጥ ሶሪት አለ፣ በቀቀን አለ፣ ግንደ ቆርቁር አለ። ለጀማሪ ግን ጫካ ከባድ ነው። ድምፁን እየሰማችሁ ወፏን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። በውሃ ዳር ጀምሩ፤ ጫካውን በስድስተኛው ወር ድረሱበት።

ራቅ ያሉት፣ ማለትም ደብረ ሊባኖስ፣ ባቱ፣ አብያታ ሻላ፣ በወቅት አንድ ጊዜ ይበቃሉ። ወዴትም ብትሄዱ ከመውጣታችሁ በፊት ቦታው ላይ የሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። ባለፈው ወር ሰላም ነበር ማለት በዚህ ቅዳሜ ሰላም ነው ማለት አይደለም።

ደረጃ 2፦ መነጽሩን ቤት ውስጥ አስተካክሉ

ከአሥር ጀማሪ ዘጠኙ የሚወድቀው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ መግዛት። ላዩ ላይ 8x42 የሚል ፈልጉ። 8 ስንት ጊዜ እንደሚያቀርብ ነው፣ 42 የፊተኛው መስታወት ስፋት ነው በሚሊሜትር። ሻጩ "ይሄኛው 30 እጥፍ ያቀርባል" ካላችሁ ሳቅ ብላችሁ እለፉ። ብዙ ባቀረበ ቁጥር የእጃችሁን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላዋል፤ የሚታየውም ቦታ ይጠብባል፤ ወፏን ሳታገኟት ትሄዳለች። ከውጭ ዘመድ ያመጣልኛል የምትሉ ደግሞ፣ ከማዘዛችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ ጉምሩክን ጠይቁ። እህታችሁ ቦሌ ላይ በእናንተ መነጽር ምክንያት ስትንገላታ ማደር የለባትም።

አሁን ማስተካከሉ። በረንዳ ላይ ውጡ። ሠላሳ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ የቆመ መኪና ታርጋ ፈልጉ።

1. ሁለቱን ቱቦዎች እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ ሁለቱ ክብ አንድ ክብ እስኪሆን አስተካክሉ። ጥቁር ጥላ ከታያችሁ ገና ነው።

2. ዓይን የሚያርፍበትን ጎማ ተመልከቱ። የዓይን መነጽር የምታደርጉ ወደ ውስጥ አስገቡት። የማታደርጉ አውጡት።

3. የቀኙን የፊት መስታወት በመዳፋችሁ ሸፍኑ። ዓይናችሁን አትጨፍኑ፤ የተጨፈነ ዓይን ሌላውንም ያጨናብሳል። በግራ ዓይናችሁ ብቻ እያያችሁ የመሃሉን ጎማ አዙሩ፤ የታርጋው ቁጥር ጥርት ይበል።

4. አሁን ግራውን ሸፍኑ። የመሃሉን ጎማ አትንኩ። ቀኝ ዓይን አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀለበት ብቻ አዙሩ፣ ታርጋው እንደገና እስኪጠራ። በአንዳንዱ መነጽር ይቺ ቀለበት መሃል ላይ ናት፤ ሥራዋ ያው ነው።

5. ሁለቱንም ክፈቱ። ከጠራ ቀለበቷ የቆመችበት ቦታ ላይ በጥፍር ቀለም አንዲት ነጥብ አድርጉ። ሰው ሲዋሳችሁ ያዞረዋል፤ ነጥቧ ትመልሳችኋለች።

ከዚህ በኋላ የምትነኩት የመሃሉን ጎማ ብቻ ነው።

አሁን ልምምድ። የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ያረፈች ርግብ ፈልጉ። ዓይናችሁን ከርግቧ ላይ አትንቀሉ። አንገታችሁን ሳታንቀሳቅሱ መነጽሩን ወደ ዓይናችሁ አምጡት። ጀማሪ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፦ ወፍ ያያል፣ ቁልቁል መነጽሩን ያያል፣ ያነሳዋል፣ ከዚያ ሰማይ ለሰማይ ይፈልጋል። ሃያ ጊዜ ተለማመዱ። ጎረቤት ምን ያያል ብላችሁ ከሰጋችሁ ጎረቤት ቀድማችሁ አስረዱ። ወደ ሰው መስኮት የዞረ መነጽር ጣጣ አለው።

ማስጠንቀቂያ፦ በመነጽር ወደ ፀሐይ ለአፍታም አትዩ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ይህን መጀመሪያ ንገሩት።

ደረጃ 3፦ ዓርብ ማታ

ቦርሳችሁን ማታ አዘጋጁ። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ካልሲ ስትፈልጉ የምታባክኗት ግማሽ ሰዓት የቀኑ ምርጧ ግማሽ ሰዓት ናት።

ልብስ። ነጭ አይሆንም፣ ብርቱካናማም አይሆንም፣ የሚንኮሻኮሽ ጃኬትም አይሆንም። አፈር የሚመስል ቡናማ ወይም የደበዘዘ አረንጓዴ ልበሱ። ግን ልብ አድርጉ፦ የወታደር የሚመስል ዥንጉርጉር ልብስ በፍጹም። የውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ወፍ ተመልካቾቹ ሁሉ እሱን ለብሰው ታያላችሁ። እዚህ አገር እሱን ለብሶ መነጽር አንግቶ ግድብ ዳር የተገኘ ሰው ወፍ እያየሁ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

መታወቂያ፣ ኮፍያ፣ ውሃ፣ ቆሎ፣ ቴርሞስ ሻይ። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ አልኩ? እርሳስ። በጤዛ የረጠበ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። ገፈርሳና እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ያልፋሉ፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ አለ፤ ጓንት ሼም የለውም።

ስልክ። ሜርሊን የሚባለውን ወፍ የሚለይ መተግበሪያና የአካባቢያችሁን የወፍ ጥቅል ቤት ዋይፋይ ላይ እያላችሁ አውርዱ። ሜዳ ላይ ኔትወርክ እየጠበቃችሁ ወፉም ያልፋል። ከቻላችሁ የአፍሪካ ቀንድን ወፎች የሚያሳይ የመስክ መጽሐፍ ያዙ። መጽሐፍ ሌላ ጥቅም አለው፦ ጥበቃ ሲጠይቃችሁ ገልጣችሁ ታሳዩታላችሁ።

የሰው ቁጥር። ከአራት አትብለጡ። ስምንት ሰው ከወጣ ሠርግ ነው።

ደረጃ 4፦ የመጀመሪያዋ ሰዓት

ፀሐይ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ከሃምሳ ባለው ጊዜ ትወጣለች። እናንተ 12 ሰዓት ላይ ቦታው ላይ ሁኑ። ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. መጀመሪያ ሰላምታ። ጥበቃ ካለ ጥበቃውን፣ እረኛ ካለ እረኛውን፣ ዓሣ አጥማጅ ካለ እሱን ሰላም በሉ፤ ምን ልታደርጉ እንደመጣችሁ ንገሩ። መነጽሩ በዚህ ሰዓት ቦርሳ ውስጥ ይሁን። እኔ አንድ ጊዜ ይህን ሳላደርግ በቀጥታ ወደ ውሃው ወርጄ (ቦታውን አልጠራም) ከ1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ማን እንደላከኝ ስጠየቅ አረፈድኩ። ያን ቀን ያየሁት ጣሪያ ላይ የነበሩ ድንቢጦችን ነው።

2. ቁሙ። አሥር ደቂቃ። መነጽር የለ፣ ስልክ የለ፣ ወሬ የለ። ስትደርሱ ያስደነገጣችኋቸው ወፎች የሚመለሱት በዚህ ጊዜ ነው። በስንት አቅጣጫ ድምፅ እንደምትሰሙ በጣታችሁ ቁጠሩ።

3. በባዶ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ ቃኙ። የምትፈልጉት ወፍ አይደለም፤ እንቅስቃሴ ነው። የሚወዛወዝ ቅጠል፣ ውሃው ላይ የምትሰፋ ክብ፣ አጥር ላይ ትናንት ያልነበረ ጉብታ።

4. ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ። በጠዋት ሐይቅ ላይ ከሆናችሁ በምሥራቁ ዳር ሆናችሁ ወደ ምዕራብ እዩ። በተቃራኒው ከቆማችሁ ሁሉም ወፍ ጥቁር ነው።

5. ሃያ እርምጃ ሂዱ፣ አምስት ደቂቃ ቁሙ። እንደገና ሃያ፣ እንደገና አምስት። መንገድ ስላልገፋችሁ አትጨነቁ። በአንድ ጠዋት አምስት መቶ ሜትር መሄድ በቂ ነው።

ይህን አምስተኛውን ያስተማረኝ የአሥር ዓመት ገደማ እረኛ ነው። ገፈርሳ ላይ አንዲት ወፍ ስፈልግ ነበር፦ ዶሮ ጫጩት የምታህል፣ ሆዷ የዛገ ቆርቆሮ የሚመስል፣ ረግረግ ውስጥ የምትሄድ፣ በየእርምጃው ጭራዋን ብድግ የምታደርግ። ሩጄትስ ሬይል ይሏታል። ረግረጉን አርባ ደቂቃ ዞርኩት። ልጁ ከላሞቹ ጋር ቁጭ ብሎ ሲያየኝ ቆየና "ጋሼ፣ ምን ጠፋህ?" አለኝ። ነገርኩት። "ቁጭ በላ። አንተ ስትሄድ ትገባለች፣ ስትቀመጥ ትወጣለች።" ተቀመጥኩ። ሻዬን ሳልጨርስ ከጫማዬ አራት ሜትር ላይ ከሣሩ ብቅ አለች። ጭራዋ ሲነሳ ከሥሩ ነጭ ነው፤ ልክ ሰው መሐረብ እንደሚያሳይ። ልጁ ዞር ብሎም አላያት፤ ለሱ ጎረቤቱ ናት።

6. 4 ሰዓት ሲሆን ትናንሾቹን ተዉና ቀና በሉ። አየሩ ሲሞቅ አሞራና ንስር ሙቁን አየር ይዘው መዞር ይጀምራሉ። ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ላይ ከሆናችሁ ይህ ዋናው ሰዓታችሁ ነው። አጥንት ከላይ ለቆ የሚሰብረው ጺማም አሞራ አንዳንዴ ከእናንተ በታች ሲያልፍ ጀርባውን ታያላችሁ። ጠርዝ ላይ ግን መነጽር ዓይናችሁ ላይ እያለ አንድ እርምጃም አትራመዱ።

7. 5 ሰዓት ላይ በቃ። ወደ ቤት። ከ5 እስከ 10 ሰዓት ወፉም ጥላ ውስጥ ነው።

ደረጃ 5፦ የማታውቁት ወፍ ሲመጣ

ቀለም የመጨረሻ ነው። ብርሃን ቀለምን ይዋሻል። በዚህ ተራ እዩ።

መጠን፦ ከድንቢጥ ይበልጣል? ከርግብ? ከቁራ? ሦስቱን መለኪያ አድርጉ። መንቁር፦ ፍሬ የሚሰብር ወፍራም ነው፣ ነፍሳት የሚለቅም ቀጭን፣ ወይስ እንደ ማጭድ የታጠፈ? ሥራው፦ ይራመዳል ወይስ ይዘላል? ግንድ ላይ ወደ ላይ ይወጣል? ጭራውን ያወዛውዛል? ከዚያ የጭንቅላቱ ምልክት፣ የክንፉ መስመር። ከዚያ ቀለም።

ያያችሁትን ጻፉ። ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን መተግበሪያው አንድ ፎቶ ካሳያችሁ በኋላ ዓይናችሁ ያላየውን እንዳየ ይምላል። "ጉሮሮው ቢጫ፣ ደረቱ ላይ ጥቁር ሐብል፣ ሣር ውስጥ፣ ይራመዳል" ብላችሁ ከጻፋችሁ የአገራችንን ሎንግክሎው አገኛችሁ። "ቢጫ ወፍ" ብላችሁ ከጻፋችሁ ምንም አላገኛችሁም።

የሜርሊን ድምፅ መለያ የሚለውን እንደ ጥቆማ ውሰዱት። ወፏን በዓይናችሁ ካላያችሁ ዝርዝራችሁ ላይ አታስገቡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የወፍ ድምፅ በስልክ ከፍቶ ወፍ መጥራት የሚባል ልማድ አለ። ተዉት። ወፏ ጠላት መጣብኝ ብላ ጎጆዋን ጥላ ትወጣለች። ጎጆ ካገኛችሁም ሩቅ ሆናችሁ አንዴ አይታችሁ ሂዱ፤ ቅጠል ገለጥ አድርጎ ፎቶ ማንሳት ለቁራ መንገድ ማሳየት ነው።

ደረጃ 6፦ በየትኛው ወቅት የት

መስከረምና ጥቅምት

ከዓመቱ አንድ ወቅት ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ይሆናል።

አንደኛው የመስቀል ወፍ ነው። የመስቀል ወፍና አደይ አበባ ቀጠሮ አላቸው ይባላል፤ ብዙ ሰው ወፏ ከሩቅ አገር መጥታ የምትመለስ ይመስለዋል። በዚህ ሰሞን ሰው በጣቱ የሚጠቁማቸው እነዚያ ደማቅ ወፎች ብዙዎቹ የትም አልሄዱም። ወንዶቹ በዝናቡ ወራት ለትዳር ይለብሳሉ፤ ወራቱ ሲያልፍ አውልቀው እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይሆናሉ። ጥር ላይ አጥራችሁ ላይ ተቀምጠው "ድንቢጥ ናት" ብላችሁ ታልፏቸዋላችሁ። እንግዲህ ሥራ ልስጣችሁ። መስከረም ላይ ሜዳ ዳር ጥቁር ሆኖ ወገቡ ቢጫ የሆነውን ወፍ፣ ቢጫ ቢሾፕ የሚባለውን፣ ፈልጉና ቦታውን ምልክት አድርጉ። ጥር ላይ እዚያው ተመለሱ። ቡናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ፤ ግን ሲበር ወገቡን እዩ። ቢጫዋ አለች። እሷን አይረሳትም።

ሁለተኛው እንግዶቹ ናቸው። ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ ይገባሉ። ቢጫ ዋግቴል በላም እግር ሥር ጭራዋን እያወዛወዘች ትለቅማለች። ንብ በሎቹ ከከተማው በላይ ከፍ ብለው በመንጋ ሲያልፉ ፕሩት ፕሩት የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ።

ጥንቃቄ፦ ከመስቀል ቀጥሎ ያለው ቅዳሜና እሑድ ኢሬቻ ነው። ሆራ ሐይቅ ለበዓሉ እንጂ ለወፍ አትሂዱ።

ከኅዳር እስከ የካቲት

ውሃ ዳር ሂዱ። ጨለለቃ ከሌሎቹ የቢሾፍቱ ሐይቆች የተለየ ነው፤ ጥልቅ የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ አይደለም፣ ጠፍጣፋና ጥልቀት የሌለው ነው፣ በክረምት ይሞላል በበጋ ይሸሻል። ስለዚህ እግረ ረጃጅሞቹ የሚወዱት እሱን ነው። ዳክዬዎቹ፣ መንቁራቸው ማንኪያ የመሰሉት፣ ጭራቸው እንደ መርፌ የሾለው፣ በዚህ ጊዜ ይሰበሰባሉ። ግራጫዎቹ ክሬኖችም፣ እግራቸውም አንገታቸውም ረጅም የሆኑት ትልልቅ ወፎች፣ ይመጣሉ። በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች የሚቆጠሩት በጥር የሆነውም ለዚህ ነው። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ቆጠራ ላይ ሰው ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሚያውቅ ሰው ጎን ቆሞ አንድ ጠዋት መቁጠር ከዓመት ንባብ ይበልጣል።

በሌሎቹ ሐይቆች ዳሩ በሎጅ ታጥሯል። አትጣሉ። ሐይቁን የሚያይ ቦታ ግቡ፣ አንድ ማኪያቶ እዘዙ፣ ቁጭ በሉ። በሃምሳኛው ደቂቃ ዓሣ አዳኙ ወፍ ከፊታችሁ አጥሩ ላይ ያርፋል።

አብያታ ፍላሚንጎ ለማየት የምትሄዱም በዚሁ ወቅት ሂዱ። ሐይቁ ስለሸሸ ዳሩ ሰፊ ጭቃ ነው። ላዩ ደርቆ ነጭ ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ለስላሳ ነው። መኪና ይዞ መግባት ክልክል እንደሆነ አድርጋችሁ ቁጠሩት። በእግርም ቢሆን ቁርጭምጭሚት ሲሰምጥ ተመለሱ። ፍላሚንጎዎቹን ለቪዲዮ ብሎ ማስበረርም ነውር ነው፤ ሲበሉ መዋል አለባቸው።

መናገሻ ሱባ በዚህ ወቅት ይመቻል፤ መንገዱ ደርቋል። ሶሪትን ቁጭ ብሎ አትፈልጉት፤ አረንጓዴ ውስጥ አረንጓዴ ነው። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገር ክንፉ እንደ ደም ቀይ ሆኖ ይከፈታል። ያኔ የት እንዳረፈ ያዙት።

መጋቢትና ሚያዝያ

እንግዶቹ ይሄዳሉ። ከመሄዳቸው በፊት ግን ይለብሳሉ፤ መስከረም ላይ ደብዝዛ የመጣችው ዋግቴል አሁን እንደ ሎሚ ደምቃለች። በየሳምንቱ እዚያው ሂዱና የመጨረሻዋን ያያችሁበትን ቀን ጻፉ። በልጉ ከሰዓት ስለሚመጣ ጠዋቱ ክፍት ነው።

ባቱ ለመሄድም ጥሩ ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ዓሣ የሚያጸዱበት ዳር ላይ ፔሊካኑና አባ ኮዳው እግራችሁ ሥር ይመጣሉ፤ መነጽር እንኳ አያስፈልግም። ውሃው ውስጥ እግራችሁን አትንከሩ፤ ቢልሃርዝያ አለ። ጉማሬም አለ። ካደራችሁ እጅጌው ረጅም ልብስና አጎበር፤ የወባ አገር ነው።

ክረምት

ሰው ሁሉ ቤቱ ይቀመጣል። ስህተት ነው። ሸማኔ ወፎች ጎጆ የሚሠሩት አሁን ነው። እንደውም ሩቅ አትሂዱ፤ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ቅዳሜያችሁን መኪና ስትገፉ ታሳልፋላችሁ። በግቢያችሁ ወይም በሰፈራችሁ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ቁሙ። ወንዱ ሣር ሰንጥቆ ያመጣል፣ ቋጠሮ ይሠራል፣ ከጎጆው ሥር ቁልቁል ተንጠልጥሎ ክንፉን ያርገበግባል። ሴቷ ትገባለች። ትመረምራለች። አልወደደችውም፤ ትወጣለች። አንዳንዴ እሱ ራሱ አፍርሶት ከአዲስ ይጀምራል። አንድ ሰዓት ቆማችሁ ይህን ብታዩ ደብረ ሊባኖስ የሄደው አይበልጣችሁም።

ጠዋት ጠዋት ጣሪያችሁ ላይ እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖም ከአገራችንና ከኤርትራ ውጭ የለም። የውጭ ሰው በአውሮፕላን መጥቶ የሚያየው ወፍ እናንተን ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። አንድ ቀን ተነስታችሁ ጉሮሮው ላይ የተንጠለጠለችውን ሥጋ እዩለት።

ደረጃ 7፦ ሲበላሽ

መነጽሩ ራስ ምታት ካመጣ፦ ደረጃ 2ን ድገሙ። ከዚያም ሁለት ምስል ከታያችሁ መነጽሩ ወድቆ ተዛንፏል። ለጠጋኝ ስጡት ወይም ተዉት፤ ዓይናችሁን አታስገድዱ።

መስታወቱ ጉም ከለበሰ፦ በነጠላ ወይም በሹራብ አትጥረጉ፤ አሸዋ ካለበት ይቧጥጠዋል። መጀመሪያ እፍ በሉበት፣ ከዚያ የመነጽር ጨርቅ። በብርድ ጊዜ ከውጭ ወደ ሞቀ መኪና ስትገቡ ጉም መልበሱ አይቀርም፤ አምስት ደቂቃ ጠብቁት።

ልጆች ከከበቧችሁ፦ አትቆጡ። መነጽሩን በየተራ አሳዩ፤ ማሰሪያው ግን አንገታቸው ላይ ይግባ። ከዚያ "እዚህ ምን ምን ወፍ አለ?" በሏቸው። ስም ይነግሯችኋል፣ ጎጆ ያሳዩአችኋል። ብር ሰጥቶ ወፍ አምጡ ማለት ግን በፍጹም፤ በወንጭፍ መትተው ያመጡላችኋል።

ጥበቃ ካስቆማችሁ፦ መነጽሩን አውርዱ፣ ሰላም በሉ፣ መታወቂያና የወፉን መጽሐፍ አሳዩ። "አይቻልም" ካለ አይቻልም። ክርክር ውስጥ አትግቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ትመለሳላችሁና ፊታችሁን ማስጠላት አትፈልጉም።

ውሻ ከመጣ፦ አትሩጡ። ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይ የምታነሱ ምሰሉ።

ዝናብ ከያዛችሁ፦ መነጽሩን ጃኬት ውስጥ ክተቱና ጠብቁ። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት ከጠዋቱ ቀጥሎ ምርጧ ናት፤ የተራበ ሁሉ ይወጣል።

ምንም ካላያችሁ፦ እሱንም ጻፉት። "ጥር 18፣ ጨለለቃ፣ 12፡40፣ ንፋስ፣ ውሃው ሸሽቷል፣ ክሬን የለም።" ለሚቀጥለው ጥር ደብተሩን ስትገልጡ መቼ መሄድ እንደሌለባችሁ የሚነግራችሁ ይህ መስመር ነው።